ከቺንጋ የተፈታ ማሽን

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቶርኖ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚወሰነው ማሽኑ የት እንደሚቆም ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን ቶርኖ አንዴ ቦታውን ከያዘ የሚነቀንቀው የለም፤ የቤት ኪራይ ጨምሮ መልቀቅ ግድ እስኪሆን ድረስ። ያን ጊዜ ጫኝና አውራጆች ይጠራሉ። አንዱ ዲጂኖውን ከማሽኑ እግር ስር ሰክቶ በደረቱ ይጫነዋል። ማሽኑ ጣት ያህል ብድግ ሲል ሌላው ጣውላ ይሸጉጣል። በሌላው ጥግም እንዲሁ። ከዚያ ሦስት አራት ቁራጭ የብረት ቱቦ ከስሩ ይጋደምና «ሆ!» ሲባል ይገፋል። ከኋላ ተለቅሞ የወጣው ቱቦ በሩጫ ወደ ፊት ይመጣል። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ሰው አይገፋም፤ ጎንበስ ብሎ ቱቦዎቹ እንዳይወላገዱ ያያል፣ የወጣቶቹን ጣት ይጠብቃል።

የከባድ ዕቃ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የጉልበት ታሪክ ሆኖ ይነገራል። ይህን ያህል ሺህ ሰው ተሰለፈ፣ ይህን ያህል ገመድ ተሳበ ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዕቃውን ከመሬት ጋር የሚያስረው ነገር በየዘመኑ መለዋወጡ ነው። በአንዱ ዘመን አሸዋ ነበር፣ በሌላው ረግረግ፣ በሌላው ገደል። የወርክሾፕ ማሽን ዘመን ሲመጣ ደግሞ ለመቶ ዓመት ያህል ዋናው ማሰሪያ የቆዳ ቺንጋ ሆነ። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከክርስቶስ ልደት በፊት 1900–700፦ እንስራና ዲጂኖ

በግብፅ ደይር ኤል በርሻ በተባለ ስፍራ ጀሁቲሆቴፕ የሚባል የአውራጃ ገዥ መቃብር አለ። ከግድግዳ ሥዕሎቹ በአንዱ ላይ 172 ሰዎች በአራት ረድፍ ተሰልፈው የተቀመጠ ሰው ቅርጽ ያለው ግዙፍ ሐውልት ይጎትታሉ። ሐውልቱ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ በገመድ ተጠፍሯል። ከመንሸራተቻው ፊት ላይ አንድ ሰው ቆሞ ከእንስራ ፈሳሽ ያፈሳል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ሰው የአምልኮ ሥርዓት ፈጻሚ ነው ብለው አልፈውት ነበር።

በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ነገሩን በአሸዋ ሣጥንና በትንሽ መንሸራተቻ ፈተኑት። ደረቅ አሸዋ ከመንሸራተቻው ፊት እየተከመረ ጉብታ ይሠራል፤ ጎታቹ ሐውልቱን ብቻ ሳይሆን ጉብታውንም ይገፋል። አሸዋው በልኩ ሲርስ ግን ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፣ ጉብታው ይቀራል፣ የሚያስፈልገውም ጉልበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ውሃው ከልክ ካለፈ ጥቅሙ ይጠፋል። በዚህ ሂሳብ እንስራ የያዘው ሰው ባይኖር ሌላ 172 ጎታች ሳያስፈልግ አይቀርም ነበር።

ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በዛሬዋ ሞሱል አጠገብ፣ በነነዌ፣ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ የራሱን ሥራ አስቀረጸ። ክንፍ ያለው የድንጋይ በሬ በመንሸራተቻ ላይ ይጎተታል፤ ከኋላው ሰዎች በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ታስሮ በተንጠለጠለ ገመድ ወደ ታች ይስባሉ፤ እንጨቱ መንሸራተቻውን ከስር ይፈነቅለዋል። የቶርኖ ቤቱ ዲጂኖ ማለት ነው። ከባድ ነገር ከቆመበት ለማስነሳት ከሚፈልገው ጉልበት ይልቅ ከተነሳ በኋላ እንዳይቆም ለማድረግ የሚፈልገው እንደሚያንስ አሦራውያን ያውቁ ነበር።

እንግሊዛዊው ኦስተን ሄንሪ ላያርድ በ1847 ከነምሩድ ፍርስራሽ እንዲህ ያለ በሬ ሲያወጣ፣ ገመድ፣ ጋሪ፣ ድቡልቡል እንጨትና ሦስት መቶ ያህል ሰው ነበረው። ቅርጹን ከቆመበት ሲያጋድሙ ገመዱ ተበጠሰ፤ በሬው ወደቀ፤ ሳይሰበር የተዘጋጀለት እንጨት ላይ አረፈ። ከሰናክሬም እስከ ላያርድ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት አልፏል፤ መሣሪያው ግን የረባ ለውጥ አላየም።

1768–1770፦ በናስ ኳስ ላይ የሄደ ድንጋይ

ለውጡ የመጣው ከሩሲያ ረግረግ ነው። ዳግማዊት ካትሪን ለታላቁ ጴጥሮስ ሐውልት በሴንት ፒተርስበርግ ልታቆም አሰበች። ለመቆሚያው የተመረጠው ከከተማው ውጭ ላኽታ በተባለ ቦታ ግማሽ አካሉ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ፣ «የነጎድጓድ ድንጋይ» የሚባል አለት ነው። ከተጠረበ በኋላ እንኳ ወደ 1,250 ቶን ይገመት ነበር። ባሕሩ ዳር ለመድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት።

ሥራው በሩሲያ ጦር ውስጥ ያገለግል ለነበረው የኬፋሎኒያ ተወላጅ ግሪካዊ ማሪን ካርቡሪ ተሰጠ። ካርቡሪ ድቡልቡል እንጨት እንደማያዋጣ አየ፤ እንዲህ ያለ ክብደት እንጨቱን ያደቀዋል። የብረት ዘንግ ደግሞ ትንሽ ከተወላገደ ጭነቱን ወደ ጎን ይስበዋል። ስለዚህ ወፋፍራም ግንዶች አስፈልፍሎ ቦይ አወጣባቸው፣ ቦዩንም በብረት አለበሰው። ከመንሸራተቻው ስርም ተመሳሳይ ቦይ ተሠራ። በሁለቱ ቦዮች መካከል ዲያሜትራቸው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ኳሶች ገቡ። የብረት ኳሶች ሲሞከሩ ተሰነጣጠቁ፤ የመዳብ ቅይጥ ኳሶች ቻሉት። ኳስ ቦዩን ተከትሎ ስለሚሄድ አይወላገድም። ዛሬ በመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ የካርቡሪ ቦይ ነው ማለት ይቻላል።

ካርቡሪ ክረምቱንም አልፈራውም፤ እንዲያውም ጠበቀው። መሬቱ በብርድ ሲደርቅ ረግረጉ ወለል ሆነ። አራት መቶ ያህል ሰዎች መጠምጠሚያ እያዞሩ ገመድ ይስባሉ፤ ያለው የቦይ ግንድ ጥቂት ስለሆነ ከኋላ የተለቀቀው እየተነሳ ከፊት ይነጠፋል። ከድንጋዩ ላይ ከበሮ መቺዎች ምልክት ይሰጣሉ፤ ጠራቢዎቹ ደግሞ አለቱ እየሄደ ሥራቸውን አላቋረጡም ነበር። በጣም ጥሩ በሆነ ቀን 150 ሜትር ይሄዳል። ካትሪን በጥር 1770 ራሷ መጥታ አየችው፤ ለመታሰቢያም ሜዳሊያ ተቀረጸ። ድንጋዩ በዚያው ዓመት በመርከብ ከተማው ገባ፤ ሐውልቱ በ1782 ተመረቀ።

በዚህ ጉዞ ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ፤ ኳሱና ወለሉ። ኳሱ ቶሎ ዝና አገኘ። ወለሉን ግን የወርክሾፕ ሰዎች በደንብ ለማስታወስ ሌላ መቶ ሃምሳ ዓመት ፈጀባቸው።

1771–1851፦ ማሽኑ ጣሪያ ላይ ሲታሰር

ሪቻርድ አርክራይት በ1771 እንግሊዝ አገር ክሮምፎርድ ላይ በውሃ ኃይል የሚሠራ የፈትል ፋብሪካ ሲያቆም፣ ብዙ ማሽን ከአንድ የኃይል ምንጭ የሚጠጣበት ሥርዓት ተስፋፋ። ቆይቶ የእንፋሎት ሞተር የውሃውን መዘውር ተካ። በ1800 አካባቢ ሄንሪ ሞድስሊ ሎንዶን ውስጥ ከብረት የተሠራ፣ ብሎን በትክክለኛ ልክ የሚቆርጥ ቶርኖ ሠራ። ከእንጨት ቶርኖ ወደ ብረት የተሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡ ልክ ያበላሻል፤ ክብደት ደግሞ ንቅጥቅጥን ይውጣል። የጀሁቲሆቴፕ ሐውልት ከባድ የሆነው ድንጋይ ስለሆነ ነው። የወርክሾፕ ማሽን ግን ሆን ተብሎ የከበደ ነው፤ ክብደቱን የሚቀንስለት ሰው ሥራውን ያበላሽበታል።

ይሁንና በዚያ ዘመን ማሽኑን የያዘው ክብደቱ ብቻ አልነበረም። ከሞተሩ የሚነሳ ረጅም የብረት ዘንግ በጣሪያው ርዝመት ተዘርግቶ ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል። በዘንጉ ላይ በየቦታው ፑሌጃ አለ፤ ከፑሌጃው የቆዳ ቺንጋ ወደ ታች ወርዶ አንዱን ማሽን ያዞራል። ማሽኑ የሚቆመው ሠራተኛው በፈለገበት ሳይሆን ቺንጋው በሚወርድበት ነው። ከዘንጉ ጋር ትይዩ ካልሆነ ቺንጋው ይወልቃል። ብዙ ኃይል የሚፈልገው ማሽን ወደ ሞተሩ ይጠጋል፣ ትንሽ የሚፈልገው ይርቃል፤ ሥራው በየትኛው ተራ ይሂድ የሚለው የመጨረሻ ጥያቄ ነው። አንድ ማሽን ለማዛወር ዘንጉ መቆም አለበት፤ ዘንጉ ሲቆም ቤቱ በሙሉ ይቆማል። ፋብሪካዎቹ ፎቅ በፎቅ የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ዘንግ በረዘመ ቁጥር ኃይል በሰበቃ ስለሚጠፋ ቤቱ ወደ ላይ ቢያድግ ይሻላል። ከጣሪያ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ቺንጋው ብርሃን ይጋርዳል፣ ልብሱን ይዞ የሚጎዳው ሰውም ብዙ ነው።

በዚህ ዘመን የተወለደ አንድ መሣሪያ ግን ለአንቀሳቃሾች ትልቅ ውለታ ዋለ። ጆሴፍ ብራማ በ1795 በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መጫኛ በስሙ አስመዘገበ። ትንሽ ፒስተን ላይ የሚደረግ ግፊት በፈሳሹ በኩል ትልቁን ፒስተን ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል ያነሳዋል። የብራማ መሣሪያ ራሱ ግዙፍ ነበር። በ1851 ኒውዮርክ ውስጥ ሪቻርድ ዳጅን አሳንሶ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ አደረገው። ይህ የዛሬው የጋራዥ የዘይት ክሪክ አያት ነው። አሥር ሰው በዲጂኖ የሚፈነቅለውን አንድ ሰው እጀታ እየነቀነቀ ያነሳው ጀመር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀስ ብሎ ማውረድ ቻለ። ከባድ ዕቃ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሲወርድ እንደሆነ ጫኝና አውራጅ የሆነ ሁሉ ይነግራችኋል።

1867–1868፦ ወደ መቅደላ ሁለት መንገድ

በኛም አገር በዚያው ዘመን አንድ ትልቅ ብረት መንገድ ጀመረ። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ አድርገው ነበር። ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። በጥቅምት 1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሱ ሴባስቶፖልን በሠረገላ ጭነው ይዘውት ሄዱ።

ሰባት ቶን በአውሮፓ ሐዲድ ላይ ተራ ጭነት ነበር። በወሎ ገደላ ገደል ላይ ግን መንገዱ ራሱ አልነበረም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትታሉ፤ ከፊታቸው ሌላው ሠራዊት አለት እየፈነቀለና ቁልቁለት እየደለደለ መንገድ ይቀዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደነበር በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ መውጣት ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ችግሩ መጎተት ሳይሆን መያዝ ነው። ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ በመጋቢት 1868 መድፉ መቅደላ ደረሰ።

በዚያው ሰሞን ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደዚያው ተራራ ይገሰግስ ነበር። እንግሊዞቹ ለተራራ ጦርነት የተሠሩ ትናንሽ መድፎች በበቅሎ ጫኑ፤ አፈሙዙ በአንዷ፣ ማቆሚያው በሌላዋ፣ ጎማው በሌላዋ። ከበቅሎ አቅም በላይ የሆነውን ከሕንድ ያመጧቸው 44 ዝሆኖች ተሸከሙት። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በጥቂት ወራት ጨረሱት። የሁለቱን መሪዎች ዓላማና ፍጻሜ ታሪክ ሌላ ቦታ ይመዝነዋል። በጭነት ዓይን ብቻ ካየነው ግን አንደኛው ክብደቱን እንዳለ ጎትቶ መንገዱን ለወጠ፣ ሌላው መንገዱን እንዳለ ተቀብሎ ክብደቱን ከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ማሽን የሚያዛውር ሰው ሁሉ ከነዚህ ሁለት አንዱን ይመርጣል። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው፤ የሚያወርደው አልተገኘም።

1869–1907፦ ኳሱ ክብ ሲሆን

የካርቡሪ ሐሳብ ቀጥ ባለ መስመር ሳይሆን ተጠምዝዞ ወደ ወርክሾፕ ገባ። በ1794 ዌልሳዊው ፊሊፕ ቮን የጋሪ መዘውር ዘንግ በኳስ ላይ እንዲዞር የሚያደርግ ፈጠራ አስመዘገበ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ እኩል የሆነ ኳስ የሚሠራ አለመኖሩ ነው። አንዱ ኳስ ከጎረቤቱ በፀጉር ያህል ከበለጠ ጭነቱን ሁሉ እሱ ይሸከምና ይሰበራል። ነገሩን የቀሰቀሰው ብስክሌት ነው። በ1869 ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው ውድድር ጄምስ ሙር ኩሽኔታ በተገጠመለት ብስክሌት አንደኛ ወጣ። በ1883 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፊሸር ሽቫይንፉርት ውስጥ የብረት ኳሶችን እኩል አድርጎ የሚሞርድ ማሽን ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ኩሽኔታ እንደ ልብ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ የምወደው የስዊድኑን ታሪክ ነው። ስቬን ቪንግቪስት በጎተንበርግ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስ ነበር። ፋብሪካው የቆመው ሸክላ አፈር ላይ ስለሆነ ቤቱ በየጊዜው ይሰጥማል፤ ቤቱ ሲሰጥም የጣሪያው ዘንግ ይጎብጣል፤ ዘንጉ ሲጎብጥ ኩሽኔታው ይቃጠላል። ቪንግቪስት ቤቱን ማቅናት አልቻለም። ስለዚህ ዘንጉ ቢጎብጥም ራሱን እያስተካከለ የሚዞር፣ ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ በ1907 ሠራ፤ ኤስኬኤፍ የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ማሽኑን ጠፍንጎ የያዘው ዘንግ እንዲህ በሚገባ የተሻሻለው ዕድሜው ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው።

በአዲስ አበባም በዚሁ ዘመን መባቻ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ለተረት በቃ። ከድሬዳዋ ወዲህ ሐዲድ ገና አልተዘረጋም ነበርና በራሱ እንፋሎት የሚሄደው ብረት እንኳ ወደ ሸዋ ለመውጣት የሰው ጉልበት አስፈልጎታል።

1890ዎቹ–1929፦ ቺንጋው ሲፈታ

የኤሌክትሪክ ሞተር ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ ባለቤቶቹ መጀመሪያ ያደረጉት የእንፋሎቱን ሞተር አውጥተው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር በቦታው መትከል ነበር። ዘንጉ እዚያው፣ ቺንጋው እዚያው። ቀጥሎ ዘንጉ ተቆራረጠና ለጥቂት ማሽኖች አንድ ሞተር ተሰጠ። ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሞተር የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ቅብጠት መስሎ ታይቷል፤ ሃምሳ ትንንሽ ሞተር ከአንድ ትልቅ ይወደዳል። በ1899 በአሜሪካ ፋብሪካዎች ከሚውለው የማሽን ኃይል በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ከሦስት አራተኛ አለፈ።

በነዚያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ የሆነው ከኃይል ምንጭ መለዋወጥ ያለፈ ነው። ማሽኑ የሚፈልገው ሽቦ ብቻ ሆነ፤ ሽቦ ደግሞ ይጎብጣል፣ ይዞራል፣ ጥግ ያልፋል። ጣሪያው ከዘንግ ነጻ ሲሆን መስኮት ወጣለት፤ በዘንጉ ቦታም ተንቀሳቃሽ ክሬን ተሰቀለ። ፎቁ አስፈላጊ ስላልሆነ ፋብሪካው ባለ አንድ ወለል ሆኖ ተዘረጋ፣ ወለሉም ለስላሳ ኮንክሪት ሆነ። የካርቡሪ የቀዘቀዘ ረግረግ በሲሚንቶ ተመለሰ። መሐንዲሶች ማሽኑን ሥራው በሚሄድበት ተራ ማቆም ጀመሩ፤ ተራው ሲለወጥ ማሽኑም ቦታ ለወጠ። የኤሌክትሪክን ጥቅም ያዘገየው የሞተሩ ዋጋ ብቻ አይመስለኝም። ባለቤቶቹ ማሽን ከቦታው ሊነሳ ይችላል ብለው ለማሰብ አንድ ትውልድ ፈጀባቸው።

ሌላው እገዛ የመጣው ከአሜሪካዋ ሚሺጋን ነው። በ1917 በቡካናን ከተማ የክላርክ ኩባንያ ሠራተኞች አሸዋና ብረት ከቤት ቤት የሚያመላልሱበት፣ ጭነት የሚሸከም ትንሽ ባለ ሞተር ጋሪ ለራሳቸው ሠሩ። ሊጎበኙ የመጡ ሰዎች ለእኛም ሥሩልን አሉ። ጋሪው ቀስ በቀስ ማንሻና ሹካ አበቀለና ፎርክሊፍት ሆነ።

1941፦ ጣሪያ የሌለው ፋብሪካ

ማሽን በብዛት የማዛወር ትልቁ ፈተና በጦርነት መጣ። ጀርመን ሰኔ 22 ቀን 1941 ሶቪየት ኅብረትን ስትወር የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ በምዕራብ በኩል ነበሩ። በሁለት ቀን ውስጥ የማዛወሪያ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አሌክሲ ኮሲጊን ነበር። እስከ ዓመቱ ማገባደጃ ከ1,500 በላይ ድርጅቶች ተነቅለው ወደ ኡራል፣ ወደ ሳይቤሪያና ወደ መካከለኛው እስያ በባቡር ተጫኑ።

ቲ-34 ታንክ የሚሠራው የካርኪቭ ፋብሪካ ወደ ኒዥኒ ታጊል ሄደ። የመጨረሻው ባቡር ከተማዋን የለቀቀው በጥቅምት፣ ጀርመኖች ሊገቡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። ማሽኖቹ ሲደርሱ ክሬን አልበቃም። ሰዎች በገመድና በእንጨት መንሸራተቻ በበረዶ ላይ ጎተቷቸው፤ አራት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሱ ማለት ነው። ብዙ ቦታ ማሽኖቹ ግድግዳና ጣሪያ ሳይቆም፣ ሜዳ ላይ፣ ሽቦ እንደደረሰላቸው ሥራ ጀመሩ። በታኅሣሥ የመጀመሪያዎቹ 25 ታንኮች ወጡ።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ቺንጋው ነው። ማሽኖቹ የአያቶቻቸው ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ዘንግ የሚንጠለጠልበት ጣሪያ ሳይሠራ አንዱም አይንቀሳቀስም ነበር። ስለ ሠራተኞቹ ጽናት ብዙ ተጽፏል፣ ይገባቸዋልም። ከእያንዳንዱ ማሽን ጀርባ የተቀመጠው ትንሽ ሞተር ግን ድርሻው ሲነገርለት አልሰማሁም።

1947–1975፦ ከጎማ ወደ አየር

ከጦርነቱ በኋላ ታይቺ ኦኖ በቶዮታ የማሽን ወርክሾፕ ውስጥ ማሽኖቹን በዓይነት በዓይነት ከመደርደር ይልቅ በሥራው ቅደም ተከተል አሰለፋቸው፤ አንድ ሠራተኛ ሦስት አራት ማሽን እንዲይዝም አደረገ። ከዚያ በኋላ ቦታ መለወጥ የፋብሪካ የዘወትር ሥራ ሆነ። ከወለል ጋር በብሎን መታሰር ሸክም ሆኖ ታየ፤ ከማሽኑ እግር ስር የሚገባ፣ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል የጎማ መቆሚያ የመሠረቱን ብሎን በብዙ ቦታ ተካው።

ለትንሹ ሠሪም ዘመኑ ደረሰለት። በ1947 በካሊፎርኒያ ትውልደ ጀርመናዊው ሃንስ ጎልድሽሚት መጋዝም፣ መሰርሰሪያም፣ ቶርኖም የሚሆን «ሾፕስሚዝ» የተባለ አንድ ማሽን ሸጠ፤ ወርክሾፑ ጠባብ የመኪና ማቆሚያ ቤት ለሆነበት አናጢ አምስት ማሽን በአንድ ቁመና። የቀረው አናጢ ለየማሽኑ ባለ ጎማ ፍሬም ከአንግል ብረት ሠራ፤ ሲገፋ በጎማ፣ ሲሠራ በእግሩ የሚቆም።

ኳስንና ጎማን የዘለለው ሐሳብ የመጣው ከጀልባ ነው። ክሪስቶፈር ኮከረል የሠራት በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ጀልባ በሐምሌ 1959 የእንግሊዝን ቦይ ተሻገረች። መሐንዲሶች ይህንኑ ወደ ፋብሪካ ወለል አመጡት። ከጭነቱ ስር የጎማ ከረጢት ይገባል፤ የታመቀ አየር ከረጢቱን ይነፋውና በስሩ በቀጭኑ ያመልጣል፤ ጭነቱ ወረቀት በሚያህል የአየር ንጣፍ ላይ ይቆማል። በኮንክሪት ላይ ደረቁን የሚጎተት ማሽን የክብደቱን ሲሶ ወይም ግማሽ የሚያህል ጉልበት ይፈልጋል፤ በአየር ላይ ያለው ከሺህ ጥቂት እጅ ይበቃዋል። በ1975 በሆኖሉሉ የተከፈተው አሎሃ ስታዲየም በሺዎች የሚቆጠሩ ወንበሮች የያዙ የተመልካች መደዳዎቹን በዚህ ዘዴ ያዛውር ነበር። ይሁንና ወለሉ ላይ አንድ ስንጥቅ ካለ አየሩ በዚያ ያመልጣል፣ ጭነቱም ቁጭ ይላል።

2005–2008፦ የአክሱም ሐውልት በሰማይ

ጣሊያኖች በ1937 ከአክሱም የወሰዱት ሐውልት 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት አለው። ሲመለስ በናፒየር መንገድ ነው የተመለሰው፤ ተከፋፍሎ። በሦስት ክፍል ሆኖ በሚያዝያ 2005 አንቶኖቭ 124 በተባለው ግዙፍ አውሮፕላን በሦስት በረራ አክሱም ገባ። አንዱ ክፍል ብቻ ወደ 60 ቶን ይጠጋ ነበር። ለዚህ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ መሻሻል ነበረበት። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ በመሆኑና ሙቀት ይበልጥ ስለሚያሳሳው አውሮፕላኑ የሚያርፈው በማለዳው ቅዝቃዜ ነበር። ካርቡሪ ለመሬቱ ብርድ እንደጠበቀ ሁሉ፣ አብራሪዎቹም ለሰማዩ ብርድ ጠበቁ። ሐውልቱ በ2008 ተተክሎ ተመረቀ።

ዛሬ፦ ውሃ ልክ

አሁን ሁለት ቶን ቶርኖ ለማዛወር የሚከብድ ነገር የለም። ክሪክ አለ፣ ትናንሽ የብረት መንኮራኩር ያለው ታንክ መሳይ ጋሪ አለ፣ ፎርክሊፍት በሰዓት ይከራያል። ሹካውን ማስገባት ግን ዕውቀት ይጠይቃል፤ የቶርኖ ክብደት ያለው በመሃሉ ሳይሆን የሚቆረጠውን ብረት የሚያዞረው የማሽኑ ራስ ባለበት በኩል ነው፤ ፍሬሳ የሚባለው መቁረጫ ማሽን ደግሞ ከላይ ይከብዳል፣ ትንሽ ካዘነበለ አይመለስም።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ካረፈ በኋላ ነው። የቶርኖ አልጋ ጠንካራ ይምሰል እንጂ ወለሉ ካልተስተካከለ በራሱ ክብደት ይጠመዘዛል። የሚጠመዘዘው በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ተቆርጦ የወጣው ዘንግ አንዱ ጫፍ ከሌላው ሲወፍር ነው። ስለዚህ ባለሙያው በሜትር የሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ዝንባሌ የሚያሳይ ውሃ ልክ አልጋው ላይ በርዝመትና በወርድ እያስቀመጠ፣ የእግሩን ብሎን ሩብ ዙር እያጠበቀና እያላላ ይቆያል። ጨረስኩ ካለ በኋላም ማሽኑ ቦታውን እስኪለምድ ጥቂት ቀን ጠብቆ እንደገና ይለካል። በየሳምንቱ ማሽን የሚያዛውር ቤት ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ይከፍላል። አናጢው ለመጋዙ ጎማ ሲገጥም ቶርኖ ሠሪው እምቢ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንጨት ሚሊ ሜትር ይምራል፣ ብረት አይምርም።